መጀመሪያ የሚቆም፣ ከዚያ የሚያምር

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር



ሰብሳቢያችን «ስለ መኪናሽ አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ራሴ ነኝ። እዚህ ቦታ ላይ ቆመው የተናገሩ እህቶች ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ሳሙና ሥራ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ነው የነገሩን። ስለ ፍሬንና ስለ አሞርዛተር የተናገረ እስከ ዛሬ የለም። ግን ስቆጥረው ከመካከላችን አራታችን መኪና አለን፤ ሰባት እህቶች ደግሞ ባጃጅ ገዝተው ለሹፌር ሰጥተዋል። ሁሉም የተገዛው ከዚሁ ማኅበር በወሰድነው ብድር ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው። ደግሞም ከሁለት ዓመት በፊት ከእናንተ የደበቅሁት ነገር አለ፤ ዛሬ እሱንም እናገራለሁ።

መኪናዬን ታውቋታላችሁ። ቀይዋ ቪትዝ ናት። ቶዮታ ቪትዝን በጃፓን ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በብዙ አገር ያሪስ ትባላለች። የኔዋ አርኤስ የሚባለው ዓይነት ናት። ይኼ ዓይነት ለወጣትና ፍጥነት ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው፤ ሞላው ጠጠር ያለ፣ ጎማው ሰፋ ያለ ነው። እኔ ግን የምሠራው አቮካዶ ነው። ከይርጋለም ገበያ ገዝቼ ሀዋሳ ለጁስ ቤቶች አከፋፍላለሁ። «ታዲያ የስፖርት መኪና ለአቮካዶ ምን ይሠራልሻል?» ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ዋጋዋ ረክሶ ስላገኘኋት ነው።

ዋጋዋ የረከሰበት ምክንያት ነበረው፤ እኔ ግን አላየሁትም። የሸጠልኝ ልጅ መኪናዋን አሳምሯት ነበር። ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ ትልቁ 16 ነው። ወደ መሬት ዝቅ ብላ ነብር ትመስላለች። የውስጥ መብራቷ ሰማያዊ ነው። ልጄ ገና ሲያያት «እማዬ፣ እቺን ካልገዛሽ!» አለኝ። እኔም ዞር ዞር ብዬ ቀለሟን አየሁ፤ ሞተሯን አስነስቼ ሰማሁ። ቦሎዋ ተለጥፏል፤ ሊብሬው ንጹሕ ነው። በማግስቱ ብድሩን ጠየቅኋችሁ። አንዲት እህቴ ዋስ ሆነችልኝ፤ ዛሬም እዚሁ ፊቴ ተቀምጣለች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ሁላችንም የምናየው የሚያስኬደውን ነው። «ሞተሩ እንዴት ነው? ነዳጅ ይበላል?» እንላለን። «እንዴት ነው የሚቆመው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ሀገረ ሰላም ለቅሶ ነበረን። እኔ ነዳሁ፤ ዋሴ ከፊት ተቀመጠች፤ ከኋላ ሌላ የማኅበራችን እናትና ልጃቸው ነበሩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአፖስቶ በአለታ ወንዶ አድርጎ ወደ ነገሌ የሚሄደው መንገድ ነው። አለታ ወንዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሀገረ ሰላም ከ2,700 በላይ ነው። ስትወጡ ሞተሩ ያቃስታል። ስትመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል።

ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ጨዋታ ይዘን ነበር። ማርሹን አራተኛ ላይ አድርጌ እግሬን ፍሬን ላይ እንዳሳረፍኩ ቁልቁል ወረድኩ። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ከኋላ ያሉት እናት «ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች አሉ መሰለኝ» አሉ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ኩርባ ላይ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ለስልሶ ወደ ታች ሰመጠ። መኪናዋ አልያዘችም።

እህቶቼ፣ ያንን ቅጽበት አልረሳውም። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥሁ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቀነሰች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጌ ሳብኩ። መንገድ ዳር ያለ የአፈር ክምር ላይ ተደግፈን ቆምን። ማንም አልተጎዳም። ከጎማው ጭስ ይወጣ ነበር።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር። ተሳፋሪዎቼ ደንግጠው ሲጠይቁኝ «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ስለሞቀ ነው» አልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ፔዳሉ ሲመለስ ነድቼ ገባሁ። በቀጣዩ ስብሰባ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ስትሉኝ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ናት» አልኩ። ብድሬን ገና መመለስ ጀምሬ ነበር። መኪናዋ ችግር አለባት ከተባለ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኔም ነገር እንደዚያ ሆነ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ልጄ አብሮኝ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። መካኒኩ መልሱን ሁሉ ለልጄ ነው የሚሰጠው። ብሩን የማወጣው እኔ፣ የሚነገረው እሱ! «ሸራው አልቋል» ብሎ የፊቱን የፍሬን ሸራ ቀየረና ሸኘን። በሁለት ሳምንት ውስጥ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ሌላ ቦታ ሲፈታ የተቀየረው የአንዱ ጎማ ሸራ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱን ከፍዬ ነበር።

በዚያ ሳምንት ዋሴ ቤቴ መጣች። ቡና አፈላሁ። የመጀመሪያውን ስኒ ሳትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ለገንዘቡ ነው ዋስ የሆንኩልሽ፤ ለነፍሴ አይደለም። እውነቱን ንገሪኝ።» አለቀስኩ፤ ነገርኳትም። እሷ ናት በሰፈሯ ያሉትን አዛውንት መካኒክ ያገናኘችኝ። ዛሬ የማካፍላችሁ አብዛኛው ከእሳቸው የተማርኩት ነው።

አዛውንቱ መኪናዋን ዙረው አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ብር አለሽ?» ብለው አይደለም። «ልጆችሽ የሚቀመጡት የት ነው?» አሉኝ። ከኋላ አልኳቸው። ከዚያ አራቱንም ጎማ ፈተው አንድ በአንድ አሳዩኝ። ያሳዩኝን ከነቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ብር ያተርፋል።

አንደኛው ፍሬን ነው።

ፔዳሌ ለምን ሰመጠ? የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ የተዘጋ ቢሆንም ከዓመት ዓመት ውሃ ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲገባበት ግን የመፍያው ልክ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የገባበት 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል። ዘይት ሲጨመቅ ኃይሉን ለፍሬኑ ያስተላልፋል፤ አረፋ ግን ራሱ ይጨመቅና ኃይሉን ይበላዋል። ፔዳሉ እንደ ሊጥ የሆነው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ አረፋው ጠፍቶ ፔዳሉ ይመለሳል፤ እኔም የተታለልኩት በዚህ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጄ በፊዚክስ ደብተሯ አስልታልኝ ነበር። መኪናዋና እኛ አንድ ላይ 1,200 ኪሎ ያህል ነን። ያ ክብደት ሰባት መቶ ሜትር ሲወርድ፣ ሞተሩ ካልያዘው፣ የሚወጣው ሙቀት ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ያንን ሁሉ ሙቀት ነው እኔ በእግሬ ሁለት ትናንሽ ሸራ ላይ የጫንኩት። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ምንም ብር አይጠይቅም፦ ቁልቁለት ላይ፣ ገና ከላይ ሳላችሁ፣ ዝቅ ያለ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ይያዝላችሁ። ፍሬኑን ረገጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ እግራችሁን አታሳርፉበት።

ሁለተኛው ማሻሻያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ከመኪናዋ ሥራ ሁሉ በጣም ርካሹ እሱ ነው። ዶት 3 ለሚጠቀም መኪና ዶት 4 ማድረግ ይቻላል። ዶት 5 የሚለውን ግን አትቀበሉ፤ እሱ ከነዚህ ጋር የማይቀላቀል ሌላ ዓይነት ነው። ጠርሙሱ ፊታችሁ ይከፈት። ቀድሞ ተከፍቶ የቆየ ዘይት እርጥበት ጠጥቷል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ሲቀየር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ሆኖ አየሩን ያስወጣል። እኔ ረጋጭ ሆንኩ። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ሳይ የቆየው ዘይት ጠቁሮ እንደ ጥቁር ሻይ ነበር።

ከዘይቱ ቀጥሎ ሸራው ነው። ሸራ ሲቀየር ሁልጊዜ ቀኝና ግራ አብሮ ይቀየራል። ብረቱ ላይ የቀረው ሸራ ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ሲደርስ ጊዜው ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ ከዚህ በታች አይሳሳ የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ አስለኩት። የኔ ዲስክ ገና ነበረው፤ ስለዚህ አልቀየርነውም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ግን ዝገው ተጣብቀው ነበር። አጽድተው ለሙቀት የሚሆን ቅባት ቀቧቸው። የእጅ ሥራ እንጂ ዕቃ አልተገዛም፤ የፍሬኑ ልዩነት ግን በግልጽ ታወቀኝ።

ልጄ «ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ዲስክ እናስገባ» ይል ነበር። አዛውንቱ የመለሱለትን ወድጄዋለሁ። «ልጄ፣ አሁን ያለው ፍሬን ጎማውን አስሮ ማንሸራተት ይችላል። ከዚያ በላይ ምን ያድርግልህ? ከዚያ በኋላ መኪናውን የሚያቆመው ጎማ ነው» አሉት። ትልቅ ዲስክ ሙቀት የመቻል ጥቅም አለው፤ ለውድድር ሰው ይጠቅመዋል። ለእኔ ግን አዲስ ዘይት፣ ጥሩ ሸራና የጸዳ ፒን በቂ ነው።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ወዲያው አጥብቃችሁ አትርገጡት። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ አሥር እየቀነሳችሁ፣ ሳትቆሙ፣ ስምንት አሥር ጊዜ ደጋግሙ፤ ከዚያ እየነዳችሁ ይቀዝቅዝ። ሸራውና ዲስኩ የሚላመዱት በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጎማ ነው።

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ማቀፊያው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የጎማው መጠንና የንፋሱ ልክ እዚያ ተጽፏል። የኔ 15 ይላል፤ ልጁ ያደረገው 16 ነበር። ትልቅ ቸርኬ ከባድ ነው፤ ጎማው ደግሞ ስስ ይሆናል። በእኛ ኮብልስቶንና በጉድጓዱ መንገድ ላይ ስስ ጎማ ድንጋጤውን ሁሉ ለቸርኬውና ለእናንተ ወገብ ያቀብላል። የጎማውን ዕድሜ ደግሞ ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጋር ባለው ረድፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የኔ ጎማዎች ጥርሳቸው ቆንጆ ነበር፤ ዕድሜያቸው ግን አሥር ዓመት አልፎ ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንደዚያ ያለ ጎማ ዝናብ ላይ ሳሙና ነው።

ምን አደረግሁ? የሚያብረቀርቁትን ቸርኬዎች ሸጥኳቸው። የሚወዳቸው ወጣት አይጠፋም፤ ጥሩ ዋጋ አወጡ። በዚያ ብር ያገለገለ የፋብሪካ 15 ቸርኬ ገዛሁ፤ የተረፈው ለሁለት አዲስ ጎማ ማለት ይቻላል በቃ። ጌጧ ለደኅንነቷ ከፈለላት ማለት ነው። አዲሶቹን ሁለት ጎማዎች ከኋላ አደረግናቸው፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናዋን መቆጣጠር ስለሚከብድ ነው። ከወራት በኋላ የፊቶቹን ጨመርኩ።

ሦስተኛው ሞላና አሞርዛተር ነው።

መኪናዋ ነብር የመሰለችበት ምስጢር እዚህ ተገለጠ። ልጁ ሞላዎቹን በመጋዝ ቆርጧቸው ነበር። አዛውንቱ ክሪክ ላይ ሲያነሷት የኋላው ሞላ መቀመጫው ላይ ሆኖ በእጅ ይነቃነቃል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችል ነበር። ሞላ ሲያጥር ደግሞ ይጠጥራል፤ አሞርዛተሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያልቅበትና በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ብረት ከብረት ይጋጫል። በዚህ ላይ እኔ የአቮካዶ ጆንያ እጭንባት ነበር። አሞርዛተሮቹ ዘይታቸውን ተፍተው አልቀዋል።

አሞርዛተር ለምቾት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ሥራው ጎማውን መሬት ላይ አጥብቆ መያዝ ነው። የሚዘል ጎማ ፍሬን ቢይዝም አይቆምም። ቤታችሁ ሄዳችሁ ፈትኑት፦ ከጎማው በላይ ያለውን የመኪናውን ጥግ በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁ። ተነስቶ ከተረጋጋ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ አልቋል። ዘይት አንጠባጥቦ አቧራ የያዘ አሞርዛተርም አልቋል።

የመለዋወጫ ነገር ላይ አንድ ብር የሚያተርፍ ምክር አለኝ። ሞላ ያገለገለ ቢሆንም ይሠራል፤ ያልተሰነጠቀ፣ ያልዛገ፣ ያልተቆረጠ፣ ከዚያው ዓይነት መኪና የወጣ ይሁን፤ ጥንዱን አብራችሁ ግዙ። እኔ አራቱንም ያገለገለ አገኘሁ። አሞርዛተር ግን ያገለገለ አትግዙ፤ የሌላ ሰው ድካም ነው የምትገዙት። አዲስ፣ ጥንድ፣ የፋብሪካው ልክ። ብር ካልበቃ ዘንድሮ የፊቶቹን፣ በሚቀጥለው ዕቁብ የኋላዎቹን። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ ካላችሁ የሀዋሳን ዋጋ ይዛችሁ አነጻጽሩ፤ ስትልኩ ግን የሻንሲ ቁጥሩን አብራችሁ ላኩ፤ ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለችም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። የፊቱ ሞላ የሚፈታው ታምቆ ነው፤ በመሣሪያ ካልሆነ በገመድና በሽቦ ለማፈን የሚሞክር ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ካመለጠ ሰው ይገድላል። መኪና ሥር የሚገባ ሰውም ክሪክ ብቻ አምኖ አይግባ፤ የብረት መደገፊያ ይደረግበት።

ከአሞርዛተሩ ጋር ትንንሾቹን ጎሚኒዎች ቀየርን። ላስቲክ ናቸው፤ ርካሽ ናቸው፤ ኮብልስቶን ቶሎ ይበላቸዋል። መኪናችሁ ጉብታ ላይ «ኳ ኳ» ካለች ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። አዛውንቱ አንድ ብልሃት አሳዩኝ፦ የጎሚኒውን ብሎን መጨረሻ ላይ የሚያጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው። ተሰቅላ ከጠበቀ ላስቲኩ ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ከሁሉ መጨረሻ አላይመንት አሠራን። ሞላና አሞርዛተር ተነክቶ አላይመንት ካልተሠራ አዲሱ ጎማ በጥቂት ወር ውስጥ ጎኑ ይበላል።

አሁን ስለ ብር። ዋጋ ብነግራችሁ በወሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ድርሻውን ልንገራችሁ። ካወጣሁት ሁሉ ግማሽ ያህሉ ለጎማ ነው፤ የእሱንም ብዙውን ቸርኬው ሸፈነው። ከሦስት አንድ እጁ ለአሞርዛተርና ለሞላ ነው። የቀረው ትንሹ ድርሻ ለፍሬን ነው። አያችሁ? እኔን ሊገድለኝ የነበረው ነገር መድኃኒቱ ከሁሉ ርካሽ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ፣ በየወሩ ከአቮካዶው ትርፍ እየቀነስኩ ጨረስኩት። ሰማያዊው መብራት ግን እስካሁን አለ፤ ልጄ እንዳይከፋው።

መኪናዋን ሸጬ ሌላ ለመግዛትም አስቤ ነበር። ግን ታውቃላችሁ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ቀረጡን ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። ልጆቻችንም የሚነዷቸው እነሱኑ ነው። ጠግኖ መያዝ ግድ ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ አትፍሩ። እዚያ የምንፈራው አንዱ ነገር ቋንቋው ነው። አሞርዛተር፣ ሞላ፣ ቸርኬ፣ ጎሚኒ፣ ኩሽኔታ፤ ይኼ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ስም ነው። ሞላ ማለት በጣሊያንኛም ያው ሞላ ነው። መካኒኩም ከአለቃው ሰምቶ ነው የያዘው፤ እኛም ሰምተን እንይዘዋለን። ሦስት ነገር ብቻ ልማድ አድርጉ። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ተረከቡ። ሲፈታ ቆማችሁ እዩ። ጥያቄውን እናንተ ጠይቁ፤ ለልጃችሁ ወይም ለወንድማችሁ ሲመልስ «ለእኔ ንገረኝ፣ የምከፍለው እኔ ነኝ» በሉ። እኔ አሁን እንደዚያ እላለሁ። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

ባጃጅ ያላችሁ እህቶችም ይኼ አይመለከተንም እንዳትሉ። ባጃጅም የፍሬን ዘይት አለው፣ ሸራ አለው፣ አሞርዛተር አለው። ሹፌሩ በቀን ስንት ሰው እንደሚጭን እናንተ ታውቃላችሁ። ማታ ገቢ ስትቀበሉ «ፍሬኑስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ፍጥነት ነገርም አለ። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል። በአርባ ስትነዱ ፍሬኑ በአሥር ሜትር ካቆማችሁ፣ በሰማንያ አርባ ሜትር ይፈልጋል። ከቱላ ወደ ሀዋሳ ሲገባ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበትን ሰዓት አስቡት።

ንግግሬን በጥያቄ ልጨርስ። ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጥበት።

አንደኛ፣ ለተሽከርካሪ ብድር ሲጠየቅ፣ ብሩ ከመለቀቁ በፊት አራቱም ጎማ ተፈትቶ ፍሬኑ፣ ሞላውና አሞርዛተሩ ይታይ። ለምርመራው የሚከፈለው ከብድሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እኔን ያኔ እንዲህ ብታስገድዱኝ ኖሮ መኪናዋን አልገዛትም ነበር፤ ወይም ዋጋውን አስቀንሼ እገዛት ነበር።

ሁለተኛ፣ ተሽከርካሪ ያለን ሁሉ ከሳምንታዊው ቁጠባ ሌላ ትንሽ የጥገና መዋጮ እናዋጣ። ገንዘቡ ለቀለምና ለጌጥ አይሁን፤ ለሚያቆምና ለሚይዝ ነገር ብቻ ይሁን። አንዷ ፍሬኗ አልቆ ብር ከሌላት ተበድራ ታሠራና ትመልስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል። ችግር ያለባት እዚህ ትናገር፤ የተናገረችም አትወቀስ። እኔ የደበቅሁት እናንተ ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ማፈር ስለቀለለኝ ነው። ግን ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። እኒያ እናት ዛሬ ከልጃቸው ጋር እዚህ ተቀምጠዋል። እማማ፣ ያን ቀን ከሰል አልነበረም፤ የኔ ፍሬን ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ወር እንደገና ወደ ሀገረ ሰላም ወጥተን ነበር፤ አሁን ለሠርግ። ስንመለስ ከላይ ጀምሬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ቀስ ብለን ወረድን። ዋሴ ከጎኔ ሆና እግሬን ስታይ ነበር፤ አውቄባታለሁ። አለታ ወንዶ ስንደርስ ወርጄ እጄን ወደ ቸርኬው አስጠጋሁ። ሞቆ ነበር፤ አልጨሰም። ማንጎ ገዝተን መንገዳችንን ቀጠልን።

መኪናዬ ውጭ ቆማለች። ቡናው እስኪቀርብ ማየት የምትፈልጉ ኑ፤ ሸራው የት እንዳለ፣ የጎማው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ አሳያችኋለሁ።